የመስኮትዎን መዝጊያ ስለደገፈችው የነርስ ቦርሳ

ቀን፦ ጥር 23
ቁጥር፦ የለውም (መዝገብ ቤቱ ስብሰባ ላይ ስለሆነ)

ለወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብንና አንዲት ቦርሳ እንድትመለስ መለመንን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ አዲሱ መኪናዎም እንዴት ሰንብታችኋል? ጤናዎ እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ግድግዳ በየዓመቱ የሚታደስ ይሁን። ጉንፋን አይድፈርዎ፤ የወገብ ሕመም ደጅዎን አይርገጥ፤ ቢታመሙም እንኳ፣ አያድርገውና፣ የሚታመሙት መንገድ ባለበት አገር ይሁንልዎ። እኛ ዘንድሮ ውርጩ ባቄላውን ከመታው በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ደኅና ያልሆነችው አንዲት ልጅ ናት፤ ይህንም ደብዳቤ ያስጻፈችኝ እሷው ናት።

ሲስተር አዛለች መርስዔ ኃዘን እባላለሁ። በጥድ አምባ ጤና ጣቢያ ዐሥራ አራት ዓመት ያገለገልኩ ነርስ ነኝ። ያስታውሱኝ እንደሆነ እንጃ፤ በታኅሣሡ ሥልጠና ላይ ከኋላ ወንበር ወገቧን ይዛ ተነሥታ ጥያቄ የጠየቀችው ሴት እኔ ነኝ። የወረዳችንን ስም ከላይ ያልጻፍኩት ረስቼው ሳይሆን አፍሬ ነው። ደብዳቤውን በአደባባይ ማውጣቴም ድፍረት መስሎ እንዳይታይብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ በፖስታ አሽጌ ጻፍኩ፤ ሦስቱም “በሂደት ላይ ነው” ተባለ። ምናልባት ያዘገየው ፖስታው ይሆናል ብዬ በዚህኛው ፖስታውን ተውኩት።

የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ቢሮዎ ውስጥ ነፋስ መስኮቱን እንዳይከፍተው የደገፉባትን ሰማያዊ ቦርሳ እንዲመልሱልኝ፤ ደግሞም ጽናት ዳኜ የምትባል የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ቤቷ ድረስ ሄጄ ቁስሏን እንዳጥብ አንድ መስመር ጽፈው እንዲፈርሙልኝ። ይህ ካልሆነ ልጅቱ ትሞታለች። ነገሩን ከዚህ በለጠ ጨዋነት መጻፍ ብችል ኖሮ እጽፈው ነበር። ሰው ባዶ እጁን ልመና አይቀርብምና ምስጋናዬን አስቀድማለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሥልጠናው አመሰግናለሁ።

ታኅሣሥ 3 ቀን በወረዳው አዳራሽ “ከአልጋ ዳር ባሻገር፦ ለነርሶች አማራጭ የሥራ መስኮች” የሚል ባነር ተሰቅሎ ስናይ ዐይናችንን ማመን አቅቶን ነበር። ከየጤና ጣቢያው ሠላሳ አንድ ነርሶች ተሰብስበናል። በዚያን ዕለት አልጋ ዳር ማን እንደቀረ አልተጠየቀም፤ ርእሱ ከአልጋ ዳር ባሻገር ስለነበር ይህም አግባብ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት አሠልጣኝ ደግ ሰው ናቸው፤ ብርዱ ስለጠናባቸው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ነው ያስተማሩን። ነርስ ከሆስፒታል አልጋ ርቃ ምን ምን ልትሆን እንደምትችል ዘረዘሩልን፦ የመድኃኒት አስመጪ ወኪል፣ የኢንሹራንስ መርማሪ፣ በስልክ ታማሚ የምታማክር፣ የጤና ድረ ገጽ ጸሐፊ፣ የፊት ቆዳ ውበት ባለሙያ። መብራት ጠፍቶ ፕሮጀክተሩ ሲጨልም እንኳ በቃላቸው ቀጠሉ።

ክቡር ሆይ፣ ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። በእኛ አገር በስልክ ታማሚ ለማማከር መጀመሪያ ኔትወርክ ፍለጋ አምባው ላይ መውጣት አለ፤ አምባው ላይ ለመውጣት ደግሞ ጤነኛ ወገብ ያሻል። የፊት ቆዳውን ነገር ውርጩ በነጻ እየሠራልን ነው።

ደግሞስ አማራጭ የሥራ መስክ መች አጣን? ሲስተር ሀስና ባድሩን ያስታውሷታል? የሕፃን ደም ሥር በመጀመሪያው መርፌ ታገኝ የነበረችው፣ እጇ ላይ አንድም ልጅ ሁለቴ ሲወጋ ያላየንባት ነርስ። ዛሬ ቆላ ወርዳ በወንድሟ ሱቅ ጨርቅ በክንድ እየለካች ትሸጣለች። ሥራውን መልቀቋን ያልሰሙ አሮጊቶች እየመጡ ክንዳቸውን ይዘረጉላታል፤ እሷም ከባንኮኒው ሥር የግፊት መለኪያዋን ታወጣና ፊት ደማቸውን፣ ኋላ ጨርቃቸውን ትለካለች። እዚያ ወርጄ፣ ምነው እንዲያ ያለ እጅ ይዘሽ ተውሽን ብላት፣ “አዙዬ፣ እዚህ ጨርቅ ሲያልቅ ሌላ ጨርቅ ይመጣል፤ እዚያ ጓንት ሲያልቅ የሚመጣው ስብሰባ ነበር” አለችኝ። ሁለት ክንድ አቡጀዲ ገዝቼ ወጣሁ።

እኔም ብሆን ከአልጋ ዳር ሳልርቅ ስንት ሙያ ይዣለሁ። ውኃ አስቀጂ ነኝ፤ ጄኔሬተር አስነሺ ነኝ፤ እንግዳ ከወረዳ ሲመጣ ምሳ አዘጋጅ ነኝ። ከሁሉ በላይ ደራሲ ነኝ። ተሰጥኦዬን ያወቁልኝም እርስዎ ነዎት፤ አፈጻጸማችን ስድሳ ሁለት በመቶ ነው ብዬ የላክሁትን ሪፖርት “ዘጠና አራት አድርጊው” ብለው ሲመልሱልኝ ነው ልብ ወለድ መጻፍ እንደምችል የገባኝ።

በዚያ ሥልጠና ላይ ነው እንግዲህ እጄን አውጥቼ፣ ነርስ ሕመምተኛው ቤት ድረስ እየሄደች ብትረዳስ፣ ይህ ከሥራ መስክ አይቆጠርም ወይ ብዬ የጠየቅሁት። የአሠልጣኙ ፊት በራ። በሌላው ዓለም ራሱን የቻለ የተከበረ ሙያ ነው፤ እንዲያውም ከዝርዝሩ መጀመሪያ መግባት ነበረበት አሉ። እርስዎ ግን ማይኩን በትሕትና ተቀብለው፣ ለእኛ መዋቅሩ አይፈቅድም አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ቀዝቅዞ ስለነበር ጠቅሞኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ወገቤ አመሰግናለሁ።

የወገቤ ነገር ረጅም ነው፤ አሳጥረዋለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ነሐሴ ላይ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ከገደሉ ሥር ስናወጣ አብሬ ነበርኩ። ቃሬዛን እርስዎ በሪፖርት “ባህላዊ አምቡላንስ” ነው የሚሉት። ላላየው ሰው ልንገረው፦ ሁለት አጣና ነው፤ መሐሉ በጠፍር የተጠላለፈ፤ ጎማ የለው፣ ፍሬን የለው፣ ጎማውም ፍሬኑም የተሸካሚው ጉልበት ነው። አንደኛውን ተሸካሚ ጭቃው አዳለጠውና ቃሬዛው ወደ ገደሉ ሲያጋድል ትከሻዬን አስገባሁ። እናትም ልጅም ተረፉ። ልጁን ባለፈው ሞላሌ ገበያ እናቱ ጀርባ ላይ አይቼዋለሁ፤ አኩርፎ ነበር፤ ደስ ይላል። የእኔ የጀርባ ዲስክ ግን ያን ዕለት ከቦታው ተንሸራተተ።

ደብረ ብርሃን ተመላልሼ የሕክምና ቦርድ ወረቀት አመጣሁ። ከባድ ነገር አታንሣ፣ ለጤናዋ ተስማሚ በሆነ የሥራ ቦታ ትመደብ ይላል። እርስዎም አላሳፈሩኝም፤ በሁለት ወር ውስጥ ተስማሚ ቦታ ፈልገው የኦክስጅን ሲሊንደር ክፍል ኃላፊ አደረጉኝ። ሲሊንደሩ ከእኔ ይከብዳል። በዚያው ሰሞን ክፍት የነበረው የክትባት መጋዘን፣ ሥራው ቁልፍ መያዝና ሙቀት መመዝገብ የሆነው፣ የእንስሳት እርባታ ለተማረ የቅርብ ዘመድዎ ተሰጠ። በጉም በሬውም ይከተባልና ይህንንም አልቃወምም።

ሦስተኛው ስለ ጽናት ነው። እዚህ ላይ ምስጋናውን ለጥቂት መስመር አቋርጠዋለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጽናት የአቶ ዳኜና የወይዘሮ ብርነሽ ልጅ ናት። ካቻምና ለቤት ክዳን ጓሳ ስታጭድ ከአፋፍ ወደቀች፤ ከወገቧ በታች አልታዘዝ አላት። ሆስፒታሉ የሚቻለውን አድርጎ፣ የሽንት ቱቦ አስገብቶ፣ ቱቦው በየሦስት ሳምንቱ ይቀየር፣ የመኝታ ቁስሏ በየሳምንቱ ይታጠብ፣ በአቅራቢያዋ ጤና ጣቢያ ትከታተል ብሎ ሸኛት። አቅራቢያዋ የእኛ ጤና ጣቢያ ነው፤ በቃሬዛ አምስት ሰዓት ይፈጃል። አንድ ቀን ወይዘሮ ብርነሽ ብቻቸውን መጥተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ካርድ ክፍሉ በር ላይ ቆሙና፣ “ልጄን ወደ እናንተ ማምጣት ካቃተኝ፣ እናንተን ወደ ልጄ ማምጣት ይቻላል ወይ?” ብለው ጠየቁ። ከአልጋ ዳር ባሻገር ስላለ የነርስ ሥራ በዐሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከዚህ የጠራ ሐሳብ አልሰማሁም። ፕሮጀክተርም አላስፈለጋቸውም።

የዕረፍት ቀኔ ማክሰኞ ነበር። የጤና ጣቢያው ኃላፊ በቃል ፈቀዱልኝና በአንዲት ሰማያዊ ቦርሳ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ጓንት፣ ቱቦና የግፊት መለኪያ ይዤ ጉዞ ጀመርኩ። አቶ ዳኜ በየማክሰኞው በቅሏቸውን እየሳቡ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ይመጡ ነበር። የበቅሎ ጀርባ ለእንዲህ ያለ ወገብ አይመከርም፤ ቢሆንም ከሲሊንደር ይሻላል። መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ቤት ይጠራኛል። ስኳር ያለባቸው አዛውንት፣ ግፊት ግማሽ ጎናቸውን የያዛቸው መሪጌታ፣ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶ ለሰው መንገር ያፈረች ሴት። ከጽናት ጋር ዐሥራ አንድ ቤት ሆነ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ዘመን ነርስ ሆኜ አላውቅም። ወገቤ እያመመኝ እየዘፈንኩ ነበር የምመለሰው፤ በቅሎዋ ምስክሬ ናት።

ወይዘሮ ብርነሽ ማንበብ አይችሉም፤ ባና ለሚባለው የደጋ ብርድ ልብስ ሱፍ ግን ይፈትላሉ። በየወሩ መጨረሻ ቁስሉን አጥቤ ሳበቃ ከእንዝርታቸው ክር ይመዙና በቁስሉ አፍ ትክክል ዘርግተው ይለካሉ፤ በዚያው ልክ ቆርጠው ምሰሶው ላይ ከነበረው አጠገብ ያንጠለጥሉታል። በየካቲት የተቆረጠው የመጀመሪያው ክር ከመዳፌ ስፋት ይበልጥ ነበር። በጥቅምት የተቆረጠው ዘጠነኛው የአውራ ጣቴን ጥፍር አያህልም። ጽናት እንደተኛች ምሰሶውን እያየች፣ “ሲስተር፣ ክሩ ሲያልቅ ትተክዪኛለሽ” ትለኝ ነበር። እግሯ እንደማይመለስ ታውቃለች፤ እሷ ያለችው መቀመጥን ነው። ቁስሉ ቢድን ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ከእናቷ ጋር ሱፍ ልትፈትል ነበር አሳቧ። ሌላ ነገር ስትጠይቅ ሰምቻት አላውቅም።

አራተኛ፣ ቦርሳዋን በጥሩ ሁኔታ ስላቆዩልኝ አመሰግናለሁ።

ኅዳር 18 ቀን የሱፐርቪዥን ቡድንዎ መጣ። ባዶውን የመድኃኒት መደርደሪያ አልፎ፣ የደረቀውን ቧንቧ አልፎ፣ አንዲት ቦርሳ በየማክሰኞው ከግቢ መውጣቷን ደረሰበት። አይ ንቃት! ቦርሳዋ ያኔውኑ ተወሰደች። በሦስተኛው ቀን ደግሞ “ከመዋቅር ውጭ በግለሰብ ቤት አገልግሎት መስጠት” የሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ብደግመው ስንብት እንደሆነም ተጽፎበታል። ጽሕፈት ቤትዎ አንድ ጉዳይ በሦስት ቀን መጨረስ እንደሚችል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከአልጋ ዳር ባሻገር ያሉ የሥራ መስኮችን እንድንማር የተጠራነውም ቦርሳዋ በተወሰደች በዐሥራ አምስተኛው ቀን ነበር።

ከሥልጠናው በኋላ ቢሮዎ ስገባ አየኋት። የመስኮትዎ መቀርቀሪያ ተሰብሮ ነበርና መዝጊያውን ነፋስ እንዳይበረግደው በእሷ ደግፈውታል። ጎኗ አብጧል፤ ጎዙም ፋሻውም በውስጧ እንዳለ ነው። ከወረዳው የጤና ቁሳቁስ መካከል አንዷ እንኳ ያለማቋረጥ ሥራ ላይ በመዋሏ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልናገር፤ ይህ እርስዎን አይመለከትም። ያለ ቦርሳ መሄድ እችል ነበር። ጎዝ ከገበያ ይገዛል፤ አንሶላም ተቀቅሎ ፋሻ ይሆናል። አልሄድኩም፤ ፈራሁ። ባል የለኝም፣ ሁለት ልጅ አሳድጋለሁ፣ በዚህ ወገቤ ከደመወዝ ሌላ የምበላበት የለኝም። አቶ ዳኜ ሰባት ማክሰኞ በቅሎዋን እየሳቡ መጡ፤ ሰባት ማክሰኞ ባዶዋን ይዘው ተመለሱ። አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልተናገሩኝም። “እንግዲህ መንግሥት ካለ ምን ታደርጊ” ብለው ልጓሙን አዙረው ሲሄዱ በካርድ ክፍሉ መስኮት ቆሜ አይ ነበር። ወይ ነዶ! ይህን የምጽፈው ጥፋቱን ሁሉ ለእርስዎ አሸክማ ራሷ ንጹሕ ሆነች እንዳይባል ነው። ድርሻዬን ወስጃለሁ፤ የእርስዎ ድርሻ ይኸው።

ለመጨረሻው ምስጋና ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ከሌላው ጋር የሚቆጠር አልመሰለኝም።

ጥር 8 ቀን የጽናት ቱቦ ተዘጋ። ሬሳም ታማሚም የሚሸከመው የሰፈሩ ቅሬ ጥሩንባ አስነፍቶ ተሰበሰበና በቃሬዛ ይዟት ወጣ። ክቡርነትዎ የተማሩ ሰው ስለሆኑ የአገሬውን ሥርዓት ዘንግተውት እንደሆነ ላስታውስዎ፦ በእኛ ዘንድ ቃሬዛ ያገኘ መንገደኛ ትከሻውን ሳያውስ አያልፍም፤ ቢያንስ እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ይሸከማል። ቄስም ነጋዴም፣ የተጣላም የታረቀም እንደዚሁ ነው። ታማሚ ሲሆን ፊቱ ይገለጣል፤ ሬሳ ሲሆን ይሸፈናል፤ ሰው ከሩቅ በዚያ ይለያል። ያን ዕለት ውርጩ ጆሮ ይቆርጥ ስለነበር ወይዘሮ ብርነሽ የልጃቸውን ፊት በባና ሸፈኑት። ይህን በማድረጋቸው እስካሁን ራሳቸውን ይወቅሳሉ።

መሐል ሜዳ መገንጠያው ላይ መኪናዎ ደረሰ። ከእርስዎና ከሾፌርዎ በቀር ሰው አልነበረበትም። አስቁመው ወረዱ፤ ይህ ይመዝገብልዎ፣ ወርደዋል። ባርኔጣዎን አወለቁ፤ አንገትዎን ሰበሩ፤ በዚያ ማይክ በማያሻው ድምፅዎ “ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ” አሉ። ከዚያ ባርኔጣዎን አድርገው፣ ገብተው፣ በሩን ዘግተው ሄዱ።

ከባናው ሥር ጽናት፣ “አሜን፤ ግን ገና ነኝ” አለች።

ተሸካሚዎቹ መጀመሪያ ክው አሉ። ቀጥሎ አንዱ ፈነዳ፤ ከዚያ ሁሉም ቃሬዛውን መሬት አስቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሷም ፊቷን ገልጣ አብራ ሳቀች። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ የልጃቸውን ጥርስ ያዩት ያን ጊዜ ብቻ እንደሆነ እናቷ ነግረውኛል። ስቀው ሲያበቁ መኪናዎ ቁልቁለቱን ጨርሶ ነበር። ስለዚህ ስለ ሳቁም አመሰግናለሁ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከጽሕፈት ቤትዎ ለጽናት የተሰጠ አገልግሎት እሱ ነው።

ሬሳ መስሎዎት መሳሳትዎን አልወቅስም፤ ፊቷ ተሸፍኖ ነበር፤ ማንም ይሳሳታል። ግን ሬሳስ ቢሆን ትከሻዎ የት ሄደ? ከኋላ ያለው ባዶ ወንበርስ? ያዘነ ሰው እግሩ አይደክመውም ያለው ማነው? ባርኔጣ ማውለቅ ቀላል ነው፤ ባርኔጣ ክብደት የለውም።

እኛ ዘንድ ስትደርስ ከንፈሯ ኩበት መስሏል። ቱቦውን ቀየርኩላት። ቁስሉን ገለጥኩት፤ የገለጥኩትን አልጽፈውም። ያለንን መርፌ ወጋኋት፤ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፍኩ። አምቡላንሱ ግን ጎማው ከወለቀ አራት ወሩ ነው፤ የሚከራይ መኪናም ሦስት ቀን ሙሉ ጠብቀን አልተገኘም። ደብረ ብርሃን ድረስ በቃሬዛ አይታሰብም። በሦስተኛው ቀን ጽናት፣ “ቤቴ መልሱኝ፤ ሲስተር ከመጣች እዚያው ትምጣልኝ፤ ካልመጣችም ምሰሶዬን እያየሁ ልሁን” አለች። ቅሬው ወሰዳት። እኔም በዚያው ቀን የመጀመሪያውን ማመልከቻ ጻፍኩልዎ፤ ጥር 14 ሁለተኛውን፤ ጥር 18 ሦስተኛውን። የመዝገብ ቤቷ ልጅ አንጀቷ አልችል ብሏት፣ “ሲስተር፣ ጠረጴዛቸው ላይ ነው፤ እያዩት ነው” ብላኛለች። ሲያዩት አሥራ ሁለት ቀን ሆነ።

ትናንት አቶ ዳኜ መጡ። በቅሎዋን አልያዙም። ከኪሳቸው በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አውጥተው፣ “ብርነሽ ናት የላከችው፤ ለአለቃሽ አሳዪልኝ ብላለች፤ ወረቀት ባያውቅ ይህን ያውቅ ይሆናል” አሉኝ። ፈታሁት። ዐሥራ አራት የሱፍ ክር ነው። ዘጠኙ እያጠረ ይሄዳል። ቦርሳዋ ከተወሰደች ወዲህ፣ ወር መጠበቅ ትተው በየሁለት ሳምንቱ የቆረጧቸው አምስቱ እየረዘሙ ይመጣሉ። ዐሥራ አራተኛውን ከመጀመሪያው ጋር አስተያየሁት፤ በሁለት ጣት ይበልጠዋል። ይህ እንግዲህ ዘጠና አራት አድርጊው ቢሉኝ የማላደርገው ሪፖርት ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው ከላይ የጠየቅሁትኑ ነው። መስኮትዎን በድንጋይ ይደግፉት፤ መንዝ ድንጋይ አጥቶ አያውቅም፤ ጭኖ የሚያመጣ ቢጠፋ እኔ ራሴ፣ ከነወገቤ፣ አመጣልዎታለሁ። ቦርሳዋን ግን ይስጡኝ። ፊርማዎንም ይስጡኝ፤ “ትሂድ” የምትል አንዲት ቃል ትበቃኛለች። መዋቅሩ ቢቆጣ በእኔ ላይ ይቆጣ።

ሥልጣንዎ የጸና፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ መንገድዎ ሁሉ አስፋልት ይሁን እያልኩ፣ ባርኔጣዎን ለሕያዋን የሚያወልቁበትን ቀን በጉጉት የምጠባበቅ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ታዛዥ፣ የባነርዎ አንባቢ፣ የሲሊንደርዎ ኃላፊ፣ ከእግርዎ ሥር የማልታይ ሠራተኛዎ

ሲስተር አዛለች መርስዔ ኃዘን
(ፊርማ አለው)

አባሪ፦ ዐሥራ አራት የሱፍ ክር፤ በቅደም ተከተል የታሰረ

ግልባጭ፦
ለመዋቅሩ (አድራሻውን የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲያደርስልኝ)
ለሲስተር ሀስና ባድሩ፣ ጨርቅ ሱቅ
ለወይዘሮ ብርነሽ (በቃል የሚነበብላቸው)

ማስታወሻ፣ ጥር 26 ቀን የተጨመረ፦

ደብዳቤውን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሳልለጥፈው ጽናት ትናንት ረፋድ ላይ ዐረፈች። ስለዚህ ከለመንኩዎ ሁለት ነገር አንዱ፣ ፊርማው፣ ቀርቷል፤ ብዕርዎን አያድክሙ። ለቅሶ መድረስም አይጠበቅብዎትም፤ ከዐሥራ ሰባት ቀን በፊት አስቀድመው ደርሰዋል። ወይዘሮ ብርነሽ ዐሥራ አምስተኛ ክር አልቆረጡም። ቅሬው ሲወስዳት ፊቷ እንደ ሥርዓቱ ተሸፍኖ ነበር፤ መንገደኛው ሁሉ ትከሻውን ሰጠ፤ “ነፍስ ይማር” ሲባልም አሜን ያልነው እኛ ብቻ ነን።

ቦርሳዋን ግን አሁንም እፈልጋታለሁ። የፊታችን ማክሰኞ ቢሮዎ መጥቼ ከመስኮቱ ሥር አነሣታለሁ፤ የስንብት ደብዳቤዬን አዘጋጅተው ይጠብቁኝ። አቶ ዳኜ በቅሎዋን ይዤልሽ እመጣለሁ ብለውኛል። ዐሥር ቤት ቀርቷል፤ እነሱ ገና ናቸው።